ካሎሪው የት ተደበቀ? ክብደት እየቀነሱ ከውጭ ምግብ ማዘዝ

ክብደት ለመቀነስ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ከውጭ መብላት አቁም» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ የሚሠራው ግን ጠዋት ምሳ ዕቃውን ይዞ ለሚወጣ፣ ማታም የተሠራ ምግብ ለሚጠብቀው ሰው ነው። ብቻውን የሚኖር፣ ከሥራ ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ የሚያመሽ፣ ወይም ቢሮው አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው በሳምንት አራት አምስት ቀን ከውጭ መብላቱ አይቀርም። እንዲህ ላለው ሰው የሚበጀው «ምን ብዬ ልዘዝ?» ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ነው።

የምግቡ ስም መልሱን አይሰጥም። በርገር ስለተባለ ከባድ፣ ሰላጣ ስለተባለ ቀላል፣ የጾም ስለሆነ የማያወፍር አይሆንም። ሚዛኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ምን ያህል ዘይት ወይም ቅቤ ገባበት፣ ከጎኑ ምን ይጠጣል፣ የቀረበው መጠንስ ስንት ነው። ከሦስቱ ደግሞ ዘይቱ አውራ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የወይራም ሆነ የሱፍ፣ የፓልምም ሆነ የኑግ ልዩነት የለውም። የወይራ ዘይት ለልብ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ለቀበቶ ግን ያው ነው። የተነጠረ ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ በማንኪያ 115 ያህል ይሆናል። ሁለት ማንኪያ ዘይት ሆድ ውስጥ ቦታ አይይዝም፣ አያጠግብም፣ ብዙ ጊዜም አይታይም። ካሎሪው ግን ከአንድ ትልቅ ዳቦ ጋር እኩል ነው።

ለማነጻጸሪያ ያህል፦ ብዙ የማትንቀሳቀስ አዋቂ ሴት በቀን ከ1,800 እስከ 2,000፣ ወንድ ከ2,200 እስከ 2,500 ካሎሪ ገደማ ክብደቱን ባለበት ያቆየዋል፤ ቁመት፣ ዕድሜና ሥራ ያወጡታል ያወርዱታል። ከዚህ ላይ በየቀኑ 500 ያህል የቀነሰ ሰው መጀመሪያ ላይ በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ስለሆነ ነው። እየቆየ ፍጥነቱ ይቀዘቅዛል፣ ይህም የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ምሳ ከ500 እስከ 650 ካሎሪ ውስጥ ከዋለ ለቁርስና ለእራት በቂ ቦታ ይቀራል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው። ልጆችን ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ባያስገቧቸው ይሻላል።

አንድ ሳህን እንፍታ

ስፔሻል በርገር ከቺፕስና ከኮካ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የሚገኝ ትዕዛዝ ነው። ብትንትኑ ሲወጣ በግምት ይህን ይመስላል። ዳቦው 90 ግራም ቢመዝን 250 ካሎሪ፣ ሥጋው 270፣ የተጠበሰው እንቁላል 100፣ አንዷ የቺዝ ቅጠል 70፣ ሞርቶዴላው 90፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ 185፣ 150 ግራም ቺፕስ 450፣ ካቻፑ 20፣ የ300 ሚሊ ኮካው 130። ድምሩ 1,565 ይመጣል። የአንዲት ሴት የቀን ድርሻ ከሦስት አራተኛ በላይ በአንድ ምሳ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ዓይንዎን ከበርገሩ ላይ ያንሱና ጎን ለጎን ያሉትን ይመልከቱ። ቺፕሱ፣ ማዮኔዙና ኮካው ብቻቸውን 765 ናቸው፤ ከድምሩ ግማሽ ያህሉ። ሰው ግን ጥፋቱን የሚያሸክመው ሥጋውን ነው። ያንኑ በርገር ያለ ማዮኔዝ፣ በቺፕስ ፈንታ ሎሚ በተጨመቀበት ሰላጣ፣ በኮካ ፈንታ በአምቦ ውኃ ያዘዘ ሰው 830 ላይ ይቆማል። ሞርቶዴላውንና ቺዙን ካስቀረ 670 ይሆናል። በርገሩ በርገር ነው፣ ዳቦውም ሥጋውም እንቁላሉም አለ፣ ጥጋቡም ያው ነው። የተቀነሰው 900 ገደማ ነው።

ቺፕስ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? የተቀቀለ ድንች 100 ግራሙ 85 ካሎሪ ገደማ ነው። የፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ውኃ በእንፋሎት ይወጣል፣ ዘይት ደግሞ ይተካዋል። ያው 100 ግራም አሁን 300 አካባቢ ሆኗል። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ፣ ወይም ጠባሹ ቶሎ ለማድረስ ብሎ መጥበሻውን በድንች ካጨቀው፣ ሙቀቱ ይወርድና ድንቹ ሳይጠበስ ዘይት ሲጠጣ ይቆያል። ወረቀቱን የሚያረጥብ፣ ሲነኩት የሚልፈሰፈስ ቺፕስ የዚህ ውጤት ነው። በሞተር ሲላክ ደግሞ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይርሳል። እውነት ለመናገር፣ ግማሽ ሰዓት ተጉዞ የመጣ ቺፕስ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ዶሮ ሲታዘዝም ነገሩ ይኸው ነው። በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዶሮ ቅርፊቱ ዘይቱን ይዞ ይመጣል፤ የዱቄቱን ቅርፊትና ቆዳውን ገፎ መብላት ብዙ ይቀንሳል። በምድጃ የተጠበሰ ሙሉ ወይም ግማሽ ዶሮ የተሻለ ነው፣ በተለይ ደረቱ። ሻዋርማ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቺፕሱ ውስጥ እንዳይገባ፣ የነጭ ሽንኩርት ሶሱ ለብቻው እንዲሆን። ፒዛ 100 ግራሙ ከ250 እስከ 300 ነው። ሁለት ቁራጭ ከሰላጣ ጋር የሚያስኬድ ምሳ ነው፤ ችግሩ ፒዛ ሁለት ቁራጭ ላይ ለማቆም የተሠራ ምግብ አለመሆኑ ነው። ትንሹን ይዘዙ፣ ወይም ሌሎቹን ቁራጮች ለሚበላ ሰው አስቀድመው ይስጡ። የጾም ፒዛ ቺዙ ስለሚቀር በእርግጥ ይቀላል፣ ከላይ ዘይት ካላዘነቡበት።

የጾም ምግብ ቀላል ነው ወይ?

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይነካ ከርሞ ለፋሲካ ጨምሮ የሚገኝ ሰው ጥቂት አይደለም። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ጎመንና ቀይ ሥር በራሳቸው ለክብደት ቀናሽ ከሚመከሩት ምርጥ ምግቦች መካከል ናቸው። ፕሮቲንና አሰር (ፋይበር) አላቸው፣ ቶሎም አያስርቡም። ታሪኩ የሚለወጠው ቁሌቱ ላይ ነው።

ምግብ ቤት ጠዋት በትልቁ ድስት ሽንኩርትና ዘይት አብስሎ ቁሌት ያዘጋጃል፤ ቀዩም አልጫውም ከዚያ ይነሣል። ዘይት የሚበዛበት የራሱ ምክንያት አለው። ወጡ ከድስት እንዳይይዝ፣ ሲቀርብ እንዲያብለጨልጭ፣ ቀኑን ሙሉ እየሞቀ ሲወጣ እንዳይደርቅ ነው። ቤት ውስጥ ለአራት ሰው ወጥ ሁለት ሦስት ማንኪያ የምታስገባ እናት ምግብ ቤት ገብታ ብታይ ትደነግጣለች።

ምን ያህል እንደገባበት ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻም። የቴክአዌይ ዕቃውን ክዳን ከፍተው ትንሽ ዘንበል ያድርጉት። ወጡ ሳይንቀሳቀስ ዘይቱ ብቻውን ወደ ጥግ ከሮጠ፣ ያንን በማንኪያ መቅዳት ይቻላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢወጣ 240 ካሎሪ ከሳህኑ ወረደ። ተጋቢኖ ሽሮ ላይ ደግሞ ጠርዙን ይመልከቱ። እየፈላ ሲመጣ ዙሪያውን ቀይ የዘይት ቀለበት ከሠራ፣ ከመሐል እየወሰዱ ጠርዙን መተው ነው።

በያይነቱ ሲያዝዙ ከላይ የሚደረደረውን መምረጥ ይችላሉ፤ አብዛኛው አስተናጋጅ ይተባበራል። ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ አዚፋ፣ የቲማቲም ሰላጣ፣ ስንግ ቃሪያና አንድ ጭልፋ ምስር ወይም ክክ ይበቃል። ጥቅል ጎመንና ፎሶልያ አትክልት ቢሆኑም እንደ አሠራራቸው ዘይት ውስጥ ተዘፍቀው የሚመጡበት ቤት አለ፤ ማየት ነው። ሱፍ ፍትፍት ጤናማ ነው፣ ግን ከቅባት እህል የተሠራ ነውና እንደ ውኃ አይቆጠርም።

የእንጀራው ነገር ደግሞ ለብቻው ይታያል። 100 ግራም እንጀራ 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ 450 ይደርሳል ማለት ነው። ቴክአዌይ ሲሆን ከሥር አንድ ተነጥፎ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ተጠቅልሎ ይመጣል። የተነጠፈው ወጡንና ዘይቱን ጠጥቶ ስለሚጣፍጥ መጨረሻ ላይ እሱን ሳይበላ የሚነሣ ጥቂት ነው። ሲያዝዙ «አንድ እንጀራ ብቻ፣ ወጡ ለብቻው በዕቃ» ይበሉ። ቤት ሲደርስ ግማሹን ሰሃን ላይ አውጥተው ሌላውን መሶብ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡ፣ ከመጀመርዎ በፊት። ከጀመሩ በኋላ ማካፈል ለጻድቃን ነው።

ፍርፍር ከዚህ ሁሉ የከፋው ወጥመድ ነው። ፍርፍሩ ራሱ በቁሌት የራሰ እንጀራ ሆኖ ሳለ በሌላ እንጀራ ይበላል። ካሰኘዎ ፍርፍሩን በማንኪያ ይብሉትና የጎኑን እንጀራ ይመልሱ።

ሥጋና ቅቤ

ቀይ ሥጋ ያለ ጮማ 100 ግራሙ ከ130 እስከ 150 ነው። 200 ግራም ክትፎ ያለ ቅቤ 280 ያህል ይሆናል፣ ይህ በጣም ጥሩ ምሳ ነው። ሦስት ማንኪያ ቅቤ ሲፈስበት ግን ከ600 ያልፋል፣ ቆጮውና እንጀራው ሳይጨመር። «ቅቤው በጎን» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ ማንኪያ ጠብ አድርገው ከጎመንና ከአይብ ጋር ሲበሉት ጣዕሙ ብዙም አይጎድልም። ጥሬ ሥጋ ከካሎሪ አንጻር የሚያስመሰግን ቢሆንም ኮሶውን ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አይርሱ፤ በደንብ የበሰለ ይመረጣል።

ጥብስ ሲታዘዝ ቀዩን ሥጋ ይጠይቁ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ እንዲበዛበት ይንገሩ። ደረቅ ጥብስ መረቅ የለውም እንጂ ዘይት ወይም የራሱ ጮማ አይጎድለውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ዓሣ ከሆነ ጉላሹ ወይም በፍም የተጠበሰው ከኮተሌቱ ይሻላል። 200 ግራም የቆሮሶ ሥጋ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፣ ዱቄት ለብሶ ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቅቅል አለ። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ከምግብ ቤት ዝርዝር ውስጥ እንደ እሱ ያለ የለም፤ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ብዙ ትኩስ መረቅ። የሚንሳፈፈው ሞራ ብቻ ነው ችግሩ። ቴክአዌይ ወስደው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ካስቀመጡት ሞራው ከላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። በማንኪያ ገልጠው ይጥሉታል፣ ከዚያ የቀረውን ያሞቁታል። ይህን ያህል በቀላሉ ስቡ ተለይቶ የሚወጣለት ሌላ ምግብ የለም ማለት ይቻላል።

ቁርስና የመንገድ ዳር ምግብ

ጨጨብሳ ልብ ብለው የሚበሉት ነገር ነው። 150 ግራም ዱቄት 530፣ ሦስት ማንኪያ ቅቤ 340፣ ሁለት ማንኪያ ማር 120፤ አንድ ሳህን 1,000 ካሎሪ ተጠግቶ ያድራል። ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው የተሠራ ምግብ ነው ብለው ይያዙት። ፈጢራም የዚያው ዘመድ ነው። ቅንጬ በአንድ ማንኪያ ቅቤ ግን 400 አይሞላም፣ እስከ ምሳ ያዘልቃል። ፉል ራሱ ጥሩ ነው፣ ባቄላ ነውና። የሚያበላሸው ከላይ የሚፈሰው ዘይትና ሁለተኛው ዳቦ ነው። 80 ግራም ዳቦ 210 ነው፣ ፉል ያዘዘ ሰው ደግሞ ሁለቱን ሳያስበው ይጨርሳል። እንቁላል ስልስ ወይም ፍርፍር በአንድ ዳቦ፣ «ዘይት ትንሽ» ተብሎ ሲታዘዝ ከ500 በታች ያስተዳድራል።

እርጥብ ርካሽና የሚሞላ ነው፣ ግን በዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንች ነው። በትንሹ 550 ካሎሪ ሆኖ ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆድ እንደገና ይጠይቃል። አንድ ሳምቡሳ እንደ ትልቅነቱ ከ150 እስከ 200፣ አንድ ቦምቦሊኖ 300 ገደማ ነው። ሻይ ሲጠጣ ሁለት ሦስት ሳምቡሳ የሚያነሣ ሰው ምሳ በልቷል፣ ምሳ እንደበላ ግን አይቆጥረውም።

መንገድ ዳር ጥሩው ነገርም አለ፣ ብዙ ጊዜም ርካሹ እሱ ነው። የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ፣ አንዱ 75 ካሎሪ፣ ሁለቱ ረሃብን ለሰዓታት ያስታግሳሉ። የተቀቀለ ድንች በዳጣ። በክረምት የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ በቆሎ። በወቅቱ በለስ። ቆሎ ከብስኩት ይሻላል፣ ሆኖም ደረቅ እህል ስለሆነ 100 ግራሙ ወደ 400 ይጠጋል። ለውዝ ከበዛበት ከዚያም ያልፋል፤ እፍኝ ላይ ይቁሙ።

የሚጠጣው

ፈሳሽ ካሎሪ አያጠግብም። አንድ የ300 ሚሊ ለስላሳ ወደ 32 ግራም ስኳር፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ይይዛል። በምሳ ላይ በየቀኑ አንድ የሚጠጣ ሰው እሱን ብቻ በአምቦ ቢተካ በወር ወደ 3,900 ካሎሪ ይቀንሳል፤ ግማሽ ኪሎ ስብ ማለት ነው፣ ከሳህኑ ምንም ሳይነካ። ስኳር አልባዎቹ ለስላሳዎች ለዚህ ዓላማ ይሠራሉ።

ጁስ ቤት የገባ ሰው ጤና እየገዛ ይመስለዋል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ውስጥ 100 ግራም አቮካዶ 160፣ 150 ግራም ማንጎ 90፣ ፓፓያው 45፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 100 ነው። 400 ገደማ፣ ቪምቶው ሳይገባበት። አቮካዶው ለሰውነት መልካም ነው፤ ስለዚህ ስፕሪሱን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመክሰስ ፈንታ ይያዙት፣ «ስኳር የለውም» የሚለውንም መፍጫው ከመዞሩ በፊት ይናገሩ። አንዳንድ ቤት ስኳሩ አስቀድሞ ተበጥብጦ ነው የሚገባው፣ ሳይጠየቅ። ማኪያቶና ሻይም ሲደጋገሙ ይደመራሉ፤ በቀን ሦስት ስኒ፣ በስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር 100 ካሎሪ ያህል ነው። ቢራ 330 ሚሊው 140 ነው፣ ትልቁ ጉዳቱ ግን ከሦስተኛው በኋላ የሚታዘዘው ጥብስ ነው።

ቁጥሩ ተጽፎ በሚገኝበት አገር

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ግንቦት (ሜይ) ወዲህ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ካሎሪውን ሰሌዳቸው ላይ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2022 ሚያዝያ (ኤፕሪል) ጀምሮ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ይህንኑ ያደርጋሉ። በሳዑዲ ዓረቢያም ምግብ ቤቶች ዝርዝራቸው ላይ ካሎሪ ያሳያሉ። ሁለት ቅርንጫፍ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ግን በአሜሪካውም ሆነ በእንግሊዙ ሕግ ስለማይገባ እዚያ ከላይ ያለው የዘይት ሒሳብ ይሠራል።

ቁጥሩን ማንበብ የራሱ ብልሃት አለው። «ከ650 እስከ 1,200» ተብሎ ሲጻፍ ትንሹ ብዙ ጊዜ ከትንሹ ቺፕስና ከስኳር አልባው መጠጥ ጋር ያለው ነው፤ እርስዎ የሚያዝዙት የትኛውን እንደሆነ ይዩ። ፒዛ ላይ የተጻፈው ለአንድ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ሰላጣ ላይ ድሬሲንጉ (የሚፈስበት ሶስ) ይቆጠር አይቆጠር ይጠይቁ፣ ምክንያቱም አንድ ከረጢት ድሬሲንግ ብቻውን 200 ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ባለው ማክዶናልድ ውስጥ አንድ ተራ ሃምበርገር 250 ነው፣ ቢግ ማክ ከ550 በላይ፣ ትንሹ ቺፕስ 230፣ መካከለኛው 320፣ ትልቁ 480። ሁለት ተራ ሃምበርገር በውኃ የበላ ሰው ከአንድ ቢግ ማክ ያነሰ ካሎሪ ነው የወሰደው፣ ዳቦም ሥጋም አልጎደለበትም። የሜክሲኮ ዓይነት ምግብ የሚሸጠው ቺፖትሌ ደግሞ ጥሩ መማሪያ ነው። ቡሪቶው የሚጠቀለልበት ቂጣ ብቻ 320 ነው። ያንኑ በሳህን አድርገው ዶሮ 180፣ ጥቁር ባቄላ 130፣ የተጠበሰ ቃሪያና ሽንኩርት 20፣ የቲማቲም ሳልሳ 25፣ ሰላጣ 5 ቢያስጨምሩ 360 ነው። ሩዝ 210፣ ቺዝ 110፣ አቮካዶው 230 ይጨምራሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ። በእስራኤል ፈላፈል ለሚያዝዙ፣ ኳሶቹ ዘይት ውስጥ የተጠበሱ ናቸውና ቁጥራቸውን ይቀንሱ፣ ሰላጣውን ያብዙ፣ ጣሂናውን ይለኩ፤ ያልተበጠበጠው ጣሂና በማንኪያ 90 ነው።

ሲያዝዙ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

«ቀለል ያለ ነገር ስጡኝ» አይሠራም፣ ለአብሳዩ ምንም አይነግረውም። «ዘይት አታብዙ» ደግሞ የሚሠራው ትዕዛዙ ከመጣ በኋላ በሚሠራ ምግብ ላይ ብቻ ነው፦ እንቁላል፣ ጥብስ፣ ፓስታ፣ በርገር፣ የተጠበሰ አትክልት። ጠዋት በድስት የተሠራ ወጥ ላይ «ዘይት ቀንሱ» ማለት ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ቧንቧ እንደመዝጋት ነው፤ እዚያ መቀነስ የሚቻለው መጠኑንና የሚንሳፈፈውን ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ አስተናጋጁንም ራስንም ከማታከት ያድናል።

በስልክ መተግበሪያ ሲያዝዙ አስተያየት መጻፊያ ቦታው ላይ አጭርና ግልጽ ይጻፉ፦ «ያለ ማዮኔዝ። ቺፕስ አይምጣ፣ በምትኩ ሰላጣ። ሶሱ ለብቻ።» ለአምስት መስመር ማብራሪያ ኩሽና ውስጥ ጊዜ ያለው የለም። ሶስ ለብቻው ሲመጣ ሹካውን ነከር አድርጎ መብላት ከማፍሰስ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ያነሰ ያስወስዳል። ማድረሻው ነፃ እንዲሆን ሌላ ምግብ እንዲጨምሩ ሲጋበዙም ያስተውሉ፤ የተቀነሰልዎት ብር ሆድዎ ላይ ይጨመራል።

ሰዓቱም ይወስናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስምንት ተኩል ላይ በባዶ ሆዱ ሲያዝዝ ዓይኑ ነው የሚያዝዘው። ጠዋት፣ ረሃብ ሳይመጣ፣ ምን እንደሚያዝዝ ይወስን። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ማፍጠሪያውን በቴምር፣ በውኃና በሾርባ ጀምሮ ሳምቡሳውን ከዚያ በኋላ ማየት ቁጥሩን ራሱ ያሳንሰዋል።

መለኪያ ለሌለው ሰው እጁ ይበቃዋል። የአውራ ጣት ያህል ማዮኔዝ ወይም ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ የመዳፍ ያህል ሥጋ 100 ግራም፣ የጭብጥ ያህል ሩዝ ወይም ፓስታ 200 ካሎሪ ገደማ ነው። ፓስታ በአትክልት ሲታዘዝ የሚመጣው ሁለት ተኩል ሦስት ጭብጥ ነው፤ ግማሹ ለእራት ይቀመጥ።

ሚዛኑ ላይ ሲወጡ

ማታ ፒዛ በልቶ ጠዋት ሚዛን ላይ የወጣ ሰው አንድ ኪሎ ጨምሮ ሊያይ ይችላል። ያ ስብ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከዕለት ፍጆታው በላይ 7,700 ካሎሪ መብላት ነበረበት። ከውጭ የሚመጣ ምግብ ጨው ይበዛበታል፣ ጨውም ውኃ ይይዛል፣ ምግቡም ገና አንጀት ውስጥ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ይወርዳል። በንዴት ምሳ መዝለል ማታ ሁለት እጥፍ ያስበላል እንጂ አይጠቅምም። በሳምንት በተወሰነ ቀን፣ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ መመዘን ይበቃል።

በአራት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልወረደ፣ ምግቡን ከመቀየር በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ የተጠጣውንና የተቀባውን ብቻ ይጻፉ፦ ለስላሳ፣ ጁስ፣ የሻይ ስኳር፣ ቢራ፣ ማዮኔዝ፣ ቅቤ፣ ሰላጣ ላይ የፈሰሰ ዘይት፣ ሰው ሳህን ላይ የተነሣ ቺፕስ። ብዙውን ጊዜ የጠፋው 500 ካሎሪ ከእነዚህ አንዱ ውስጥ ይገኛል።